የአየር ጠባይ በወለጋ አርሶ አደር ዓይን፦ ከክፉ ቀን እስከ ዛሬ



እንደሚታወቀው የዩኒየናችን የምሥረታ በዓል በተከበረ ቁጥር በርካታ አኃዞች ይቀርባሉ። ስንት ኩንታል ማዳበሪያና ምርጥ ዘር እንደተሠራጨ፣ ስንት ኩንታል ምርት እንደተገዛ፣ የአባላት ቁጥር ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ይነገራል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ አኃዞች ጀርባ ሆኖ ሁሉንም የሚወስነው ዝናብ በሪፖርት ውስጥ የሚያገኘው ቦታ ከአንድ መስመር አይበልጥም። ጥሩ ምርት ከተገኘ “የአየሩ ጠባይ አመቺ ስለነበር”፣ ካልተገኘ ደግሞ “በዝናብ መዛባት ምክንያት” ተብሎ ይታለፋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የግብርና ልማት ሠራተኛ ስለሆንኩ ይህ አንድ መስመር ሁልጊዜ ያሳስበኛል። ከነቀምቴ ከተማ ከበከኒሳ ቀሴ ጀምሮ እስከ ዴዴሳና አንገር ሸለቆዎች ድረስ አርሶ አደሩ ስለ አየር ጠባይ የሚናገረው ብዙ ነው። “ዝናቡ ቀኑን ረሳ”፣ “ደጋው ወይና ደጋ ሆነ”፣ “ሌሊቱ እንደ ድሮው አይበርድም” የሚሉት አነጋገሮች በየስብሰባው ይሰማሉ። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ አባቶቻችን ያልተለመደ የአየር ጠባይ በገጠማቸው ጊዜ ምን እንዳዩና ምን እንዳደረጉ፣ ዛሬ የምንናገረው ነገር ከመለኪያ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ፣ ከዚህም ለዩኒየናችን ምን ትምህርት እንደሚገኝ ባጭሩ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ወቅት በስም ሲታወቅ

በከኒሳ በአማርኛ ብሳና የምንለው ዛፍ ነው። በበጋ ቅጠሉ ወደ ብርቱካንማ ቀለም ተለውጦ ይረግፋል፤ ዝናብ ሲቃረብ መልሶ ይለመልማል። መንደርና ሠፈር በዛፍ ስም በሚጠራበት አገር የዛፍን ጠባይ ማወቅ ወቅትን ከማወቅ ተለይቶ አይታይም። አርሶ አደሩ መቁጠሪያ ሳይገልጥ የዛፉን ቅጠል፣ የንቡን እንቅስቃሴ፣ የነፋሱን አቅጣጫና የወፉን ድምፅ አይቶ ማሳውን ያዘጋጅ ነበር።

የኦሮሞ ሕዝብ ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው አርፋሳ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ገና፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ብራ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ደግሞ ቦና ይባላል። በአማርኛም ሰማይ ሲጠራ “ብራ ሆነ” እንላለን። ኢሬቻም ከዚሁ የወቅት አቆጣጠር ጋር የተሳሰረ ነው። በአርፋሳ ወደ ኮረብታ ተወጥቶ ዝናብ ይለመናል፣ በብራ ደግሞ ወደ ወንዝና ሐይቅ ተወርዶ ክረምቱን በሰላም ላሻገረ ዋቃ ምስጋና ይቀርባል። ዝናብ ሲዘገይ በየቤተ ክርስቲያኑ ምሕላ፣ በየመስጊዱም የዝናብ ሶላት ይደረጋል። ከዚህ እንደምንረዳው ዝናብ አንዳንድ ዓመት እንደሚዘገይና እንደሚቀር አባቶቻችን ጥንትም ያውቁ ነበር። ሥርዓት ያበጁለትም ስለሚያውቁት ነው።

የወለጋ ዝናብ ከሌላው የአገራችን ክፍል የሚለይበት ምክንያት አለው። ዝናብ አምጪው እርጥብ ነፋስ በዋናነት ከደቡብ ምዕራብ ስለሚገባ ምዕራቡ ቀድሞ ይዘንብለታል፤ ነፋሱ ወደ መጣበት ሲመለስም ምዕራቡ ዘግይቶ ይለቀቃል። ከባሕር ወለል በላይ 2,088 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ነቀምቴ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የምታገኘው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። ስለዚህ በጓሯችን ባለች በእያንዳንዷ ካሬ ሜትር ላይ በዓመት 2,000 ሊትር ውኃ ይወርዳል ማለት ነው።

ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም የሚለው የሰሜኑ አነጋገር ለወለጋ የማይሠራውም ለዚሁ ነው። እዚህ ቡሄ አልፎ፣ መስቀል አልፎ፣ ጥቅምትም ገብቶ ይዘንባል። የአካባቢው አርሶ አደር ዘሩን የመረጠው፣ ጎተራውን ከመሬት ከፍ አድርጎ የሠራው፣ የአጨዳ ጊዜውን የቀጠረው በዚህ ረጅም ዝናብ ልክ ነው። አየሩ ሲዛባ የሚናጋውም ይኸው ስሌት ነው።

ዝናባችን በካይሮ ሲለካ

በወለጋ ምድር የዝናብ መለኪያ ከመተከሉ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ዝናባችን በሩቅ አገር ይለካ ነበር ቢባል የሚያስገርም ይሆናል። ዴዴሳና አንገር ወደ ዓባይ ይገባሉ። ዓባይ ግብፅ ሲደርስ ደግሞ በካይሮ ሮዳ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ861 በተሠራው የድንጋይ መለኪያ ከፍታው በየዓመቱ ይመዘገብ ነበር። የግብፅ መንግሥት ግብሩን የሚተምነው በዚያ ልክ ስለነበር ሥራው በጥንቃቄ ይካሄድ ነበር። የክረምት ጎርፉ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋዎች የሚሄድ በመሆኑ በካይሮ ውኃው ዝቅ ያለበት ዓመት በአብዛኛው የእኛ ክረምት የደከመበት ዓመት ነው።

በዚህ መዝገብ መሠረት የ1905 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. 1913) የዓባይ ሙላት ከታዩት ሁሉ ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የደከመ ክረምት የዛሬ ዘመን ፍጥረት አይደለም። ሁለተኛ፣ ግብፃውያን ያን ዓመት ዛሬም በቁጥር ሊጠሩት የቻሉት ስለጻፉት ነው። ዝናቡ የወረደው በእኛ ማሳ ላይ ሆኖ ልኩ የተጻፈው በእነሱ ድንጋይ ላይ ነው።

ክፉ ቀን፦ ዝናብ ብቻውን ረኃብ አያመጣም

በታሪካችን እጅግ የከፋው የረኃብ ዘመን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ነው። በ1880 ዓ.ም. ክረምቱ ደከመ፤ የዓባይም ውኃ በዚያ ዓመት እጅግ አነሰ። ከሁሉ የከፋው ግን ከድርቁ ትንሽ ቀደም ብሎ በምፅዋ በኩል ከውጭ በገቡ ከብቶች አማካይነት የመጣው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ነው። ከአገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙን እንደፈጀ የታሪክ ጸሐፍት ይገምታሉ። በሬ ሲያልቅ ዝናብ ቢመጣም የሚያርስ ጠፋ። አንበጣና ተምችም ተጨመሩበት። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ሕዝቡ ያለ በሬ እንዲያርስ አርአያ መሆናቸው የታወቀ ነው።

በነቀምቴ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ከአባታቸው ከሞረዳ በከሬ ሥልጣን የተረከቡት በዚሁ የመከራ ዘመን፣ በ1881 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ደስታ አገር አልመረጠም፤ ዝናብ የተትረፈረፈበትንም ሆነ የደረቀውን አካባቢ አዳርሷል። በሽታው ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በዓለም ደረጃ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ ምን ያህል ረጅም ዘመን እንዳስቸገረ እንረዳለን።

ከክፉ ቀን የምናገኘው ትልቁ ትምህርት የአየር መዛባት ወደ ረኃብ የሚለወጠው ሌላ ነገር ሲጨመርበት መሆኑን ነው። በሬ ሲሞት፣ ዘር ሲያልቅ፣ ዋጋ ሲወድቅ ወይም መንገድ ሲዘጋ ዝናቡ ያቆሰለውን እነዚህ ይገድሉታል። ይህን ትምህርት በቀጣዮቹ ዘመናትም ደጋግመን እናገኘዋለን።

የ1950 ዓ.ም. ክረምትና ትኩሳቱ

ያልተለመደ የአየር ጠባይ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ድርቅን ነው። የ1950 ዓ.ም. ክረምት ግን ሌላ መልክ ነበረው። ዝናቡ ከልክ በላይ በዛ፣ ሙቀቱና እርጥበቱም ከተለመደው ከፍ አለ። ከዚያ ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ድረስ በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። ወረርሽኙ የደረሰው በአብዛኛው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው፣ ወባ እምብዛም በማይታወቅባቸው አካባቢዎች ነው። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ በጊዜው በተደረገ ጥናት ተገምቷል። ሕዝቡ በሽታውን ስላልተለማመደው ሰውነቱ መከላከያ አልነበረውም። ወቅቱ የአጨዳ ጊዜ ስለነበርም ሰብሉ በማሳ ላይ እያለ አጫጁ አልጋ ላይ ወደቀ።

የነቀምቴ ከፍታ 2,088 ሜትር ገደማ መሆኑን ከላይ ጠቅሰናል። ስለዚህ “ወባ የሸለቆ ሰው በሽታ ነው” የሚለው አባባል ሙቀት እስካልጨመረ ድረስ ብቻ የሚሠራ ነው። ደጋው ወይና ደጋ ሆነ የሚለው የሽማግሌዎች ንግግር የጤና ጉዳይም እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የሌላው አገር ድርቅ ወደ ወለጋ ሲመጣ

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረኃብ፣ ቀጥሎም የ1976 ዓ.ም. ክረምት ሲቀር የተከተለው የ1977 ዓ.ም. ረኃብ በወለጋ ታሪክ ውስጥ በሌላ በር ገብተዋል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. መንግሥት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሠፈረ። ከፍተኛው ቁጥር ወደ ወለጋ የመጣ ሲሆን አንገር ጉቴን፣ ቄጦና በዚያን ጊዜ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረው አሶሳ ከታወቁት የሠፈራ ጣቢያዎች ይገኙበታል።

ሠፋሪው የመጣው ዝናብ ከሚያጥርበት አገር ነው። ያገኘው ደግሞ ዝናብ የማያቋርጥበትን፣ አረም በሳምንት ማሳ የሚሸፍንበትን፣ በቆላው ወባ ሰውን፣ ገንዲ በሬን የሚፈጅበትን አገር ነው። ይዞት የመጣው የዘር ቀን ከአዲሱ ዝናብ ጋር አልተጣጣመም። ነባሩ ሕዝብ በበኩሉ ደንና ግጦሹ ሲጠብ አየ። ይህ ሁሉ ችግር ቢኖርም በበርካታ ቦታዎች ነባሩ ለአዲሱ የዝናቡን ጠባይ እያስተማረ፣ ዘር እያበደረ አብሮ ሠርቷል። የአየር ጠባይ ዕውቀት ከሰው ወደ ሰው ካልተላለፈ መሬት ለም ስለሆነ ብቻ እንደማይበላ የዚያ ዘመን ታሪክ ያስረዳል።

የበቆሎው ዘመን

በ1985 ዓ.ም. ከባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል ቢኤች 660 የተባለው የበቆሎ ዝርያ ተለቀቀ፤ በ1987 ዓ.ም. ቢኤች 540 ተከተለ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ቢኤች 661 ወጣ። እነዚህ ዝርያዎች ከማዳበሪያ ጋር ሆነው የወለጋን ገበሬ ኑሮ ለውጠዋል። ይሁን እንጂ ዝርያው ከቀኑ ጋር የጠበቀ ውል አለው። ቢኤች 660 ለመድረስ 160 ቀን ገደማ ይፈልጋል። በግንቦት መጀመሪያ የተዘራው ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ይደርሳል፤ ዝናቡ ዘግይቶ ወይም ዘሩ ዘግይቶ በሰኔ መጀመሪያ የተዘራው ግን ኅዳር መጀመሪያን ይጠብቃል። ቢኤች 540 በ145 ቀን ገደማ ስለሚደርስ ዘግይቶ ለሚዘራ ሰው ይሻላል። አርሶ አደሩ “የትኛው ዘር?” ብሎ ሲጠይቅ “ዝናቡ መቼ ገባ?” ብሎ መጠየቁ ነው።

ለ1990 ዓ.ም. የገጠመው ይህ ነው። በዚያ ዓመት በጥቅምትና በኅዳር በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ያለ ወቅቱ ከባድ ዝናብ ጣለና የደረሰውን ሰብል በማሳና በአውድማ ላይ አበላሸ። በጥቅምትና በኅዳር 2012 ዓ.ም. ተመሳሳይ ዝናብ ተደገመ። በሁለቱም ጊዜያት የምዕራቡ ህንድ ውቅያኖስ ከወትሮው ሞቆ ነበር። በእንዲህ ያለ ዓመት ጤፍ ነዶው ላይ ይበቅላል፣ በቆሎ ይሻግታል፣ ቡና በማድረቂያ አልጋው ላይ ይሸታል። በቆሎ በጎተራ በደህና የሚቀመጠው እርጥበቱ ወደ 13 ከመቶ ሲወርድ፣ ቡና ደግሞ ወደ 11 እና 12 ከመቶ ሲደርስ መሆኑን ካስታወስን የአሥር ቀን ዝናብ የዓመት ልፋት ሊወስድ እንደሚችል ግልጽ ነው።

የዋጋ ጉዳይም አለ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ዝናቡ ተስማምቶ በቆሎ ሲትረፈረፍ ገበያው ተንኮታኮተ። ለማዳበሪያ የተበደረው ገበሬ የሽያጩ ገንዘብ ዕዳውን አልሸፍን አለው፤ እንዲያውም አንዳንዱ የሰበሰበው የሚያወጣውን ጉልበት አይመልስም ብሎ ሰብሉን በማሳ ላይ ተወው። ወዲያው በ1994 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በብዙ ቦታ ዘገየና ደከመ፤ በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያዊ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ትርፍ በነበረበት ዓመት ገዝቶ የሚያከማች ብርቱ ማኅበር በየቦታው ቢኖር ኖሮ የአንዱ ዓመት ትርፍ የሌላውን ጉድለት በከፊል ይሸፍን ነበር። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 የወጣው በ1991 ዓ.ም. ስለነበር አብዛኞቹ ዩኒየኖች ያን ጊዜ ገና ጨቅላ ነበሩ ወይም አልተወለዱም።

ከዚያም የ2007 ዓ.ም. ክረምት መጣ። ኤል ኒኞ የተባለው ክስተት በሰሜኑና በምሥራቁ ክረምቱን አደከመውና በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ምዕራቡ በንጽጽር ተርፏል። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መጤ ተምች ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ታይቶ በአንድ ወቅት ውስጥ የወለጋን በቆሎ ደረሰበት። ቡቃያው በዝናብ መቆራረጥ ሲደክም ተምቹ ይበረታበታል።

ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን በነበረው የፀጥታ ችግር ምክንያት ማሳቸውን በወቅቱ ያላረሱ፣ ያረሱትንም ያልሰበሰቡ በርካታ ቤተሰቦች መኖራቸውም ሊዘነጋ አይገባም። የእነዚህን ዓመታት ጉድለት ሁሉ በዝናብ ማሳበብ ታሪክን ማዛባት ይሆናል።

ሰው ምን ይላል? መለኪያውስ?

አሁን ወደ ዕለታዊ ንግግራችን እንመለስ። በየቀበሌው ስንዘዋወር በብዛት የምንሰማቸው ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው “ሌሊቱ አይበርድም” የሚለው ነው። በብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ ተዘጋጅቶ በ1999 ዓ.ም. የወጣው ሰነድ የ55 ዓመት መረጃን መሠረት አድርጎ የአገሪቱ ዝቅተኛ ሙቀት፣ ማለትም የሌሊቱ፣ በየአሥር ዓመቱ በአማካይ 0.37 ዲግሪ ሴልሺየስ መጨመሩን አሳይቷል። ስለዚህ ጋቢ መደረብ የተዉት አዛውንት የተናገሩት ቴርሞሜትሩ ከተናገረው ጋር አንድ ነው።

ሁለተኛው “ዝናቡ ቀነሰ” የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያው ሰነድ እንደሚለው የአገሪቱ ጠቅላላ የዓመት ዝናብ በዚያ ዘመን ብዙም አልቀነሰም፤ ከዓመት ዓመት ግን እጅግ ይለዋወጣል። ታዲያ ገበሬው ዋሽቷል? አልዋሸም። ገበሬ ዝናብን የሚለካው በድምሩ አይደለም። በሚያዝያ ለሦስት ቀን ዘንቦ አዘርቶ ከዚያ ለሁለት ሳምንት የጠፋ አታላይ ዝናብ ቡቃያውን ይገድላል። በኋላ በሐምሌ በአንድ ቀን የወረደው ጎርፍ ድምሩን ቢሞላውም የሞተውን ቡቃያ አያስነሣም፤ ይልቁንም አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ለወረቀቱ ዝናቡ መደበኛ ነው፤ ለማሳው ግን ቀንሷል። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ሦስተኛው የምክንያት ጉዳይ ነው። ሽማግሌው የሰው ኃጢአት በዛ ይላል፣ ባለሥልጣኑ ደን ስለተጨፈጨፈ ነው ይላል፣ ተማሪው የፋብሪካ ጭስ ነው ይላል። አንዳንዱም ጎረቤቱን ይወቅሳል። ነገሩን ለያይተን እንየው። ደን ሲጠፋ ምንጭ ይደርቃል፣ አፈር ይታጠባል፣ ጥላ ያጣው ቡና በፀሐይ ይጠወልጋል፤ ይህ በእጃችን ያለ ጥፋት ነው። በምዕራብ ወለጋ በማና ሲቡና በአካባቢው ምስጥ መሬቱን ሲያራቁት ያየ ሰው የተጋለጠ መሬት ምን እንደሚመስል ያውቃል። የምድር ሙቀት መጨመር ግን በዋናነት በኢንዱስትሪ አገሮች የተጠራቀመ ጋዝ ውጤት ነው። በ1950 ዓ.ም. በሃዋይ ደሴት ላይ መለካት ሲጀመር በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 315 ገደማ እጅ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 በልጧል። የኢትዮጵያ ድርሻ በዓለም ከሚለቀቀው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለአንድ ገበሬ “ዝናቡን ያባረረው ያንተ መጥረቢያ ነው” ማለት ትክክል አይደለም። ዛፍ መትከል ያለበት ምንጩንና ማሳውን ለማዳን እንጂ የዓለምን ዕዳ ለመክፈል አይደለም።

የተራው ሰው ዓይን ለሳይንስም መነሻ ሆኗል። ኤል ኒኞ የሚለውን ስም ያወጡት የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። በአንዳንድ ዓመት በገና ሰሞን ባሕራቸው ሞቆ ዓሣው ሲጠፋ አይተው በሕፃኑ ክርስቶስ ስም “ሕፃኑ” ብለው ሰየሙት። ሳይንቲስቶች ከእነሱ ተቀብለው ይህ ሙቀት ከፓስፊክ ማዶ የኢትዮጵያን ክረምት እንደሚነካ ደረሱበት። የእኛም ገበሬ ዕውቀት የጎደለው ዋጋ አይደለም፤ የጎደለው መዝገብ ነው።

ከዩኒየናችን ምን ይጠበቃል?

ጉዳዩ የወሬ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት እርምጃ ካልተወሰደ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 ከመቶ የሚሆነው በዚህ ምዕት ዓመት ማብቂያ ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። የነቀምቴን ስም ይዞ ዓለም የዞረው የለቀምት ቡና የሚመጣውም ከዚሁ ከእኛ ምዕራብ ነው። በመሆኑም የሚከተሉትን ሐሳቦች ለአባላትና ለሚመለከታቸው አካላት ለመጠቆም እወዳለሁ።

1ኛ. የግብዓት ሥርጭት በዝናቡ ቀን ይቀጠር። ምርጥ ዘር ከዝናቡ በኋላ ቢደርስ ገበሬው 160 ቀን የሚፈልገውን ዘር 130 ቀን በቀረው ዝናብ ላይ ይዘራል። ዘግይቶ ለሚገባ ዝናብ የሚሆን ቶሎ የሚደርስ ዘርም በመጋዘን በተጠባባቂነት ይያዝ።

2ኛ. በየመሠረታዊ ማኅበሩ ቢያንስ አንድ የዝናብ መለኪያና አንድ ደብተር ይኑር። በሦስት ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ማለትም በሄክታር 200,000 ሊትር ውኃ ሳይወርድ መዝራት አደጋ እንዳለው ገበሬው በራሱ መለኪያ ያያል። የማኅበሩ ጸሐፊ በየጠዋቱ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው።

3ኛ. በአጨዳ ጊዜ ለሚመጣ ዝናብ ዝግጅት ይደረግ። የማድረቂያ ሸራ፣ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያና አየር የማያስገባ ከረጢት ከማዳበሪያ እኩል እንደ ግብዓት ይቆጠሩ። ያለ ጊዜው የሚመጣ ዝናብ ብዙ እህል እንደሚያበላሽ ከላይ አይተናል።

4ኛ. የሚቲዎሮሎጂ ትንበያ በገበሬው ቋንቋ ይነገር። የወቅቱ ትንበያ የሚቀርበው ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድል እየተባለ በመቶኛ ነው። ይህ የዕድል ስሌት እንጂ የተቆረጠ ቃል አለመሆኑ ካልተብራራ በአንድ ዓመት መሳት ምክንያት ገበሬው ለዘለቄታው እምነት ያጣል። የድሮውን ምልክት የሚያውቁ አባቶችና እናቶች በዚህ ውይይት ላይ ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል።

5ኛ. የቆዩ ቃለ ጉባኤዎችና የመጋዘን መዝገቦች አይጣሉ። ዘር የተሠራጨበት ቀን፣ የመጀመሪያው በቆሎ መጋዘን የገባበት ቀን፣ በእርጥበት ምክንያት የተመለሰው ኩንታል ብዛት፣ ዳግመኛ ዘር የጠየቁ አባላት ዝርዝር በእነዚህ ወረቀቶች ላይ አለ። አንድ ላይ ቢነበቡ የአካባቢያችን የአየር ጠባይ ታሪክ ናቸው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ጥግ አቧራ ለብሰው፣ አንዳንዶቹም በምስጥ እየተበሉ ይገኛሉ።

ለማጠቃለል ያህል፣ አባቶቻችን ክፉ ቀንን፣ የ1950ውን ትኩሳት፣ የ1977ን ስደትና የ1990ን ያለ ወቅቱ ዝናብ አሳልፈዋል። በየጊዜው የተረፉት ዘር የተበዳደሩ፣ በሬ የተቀናጁ፣ በደቦ የሰበሰቡ ናቸው። የኅብረት ሥራ ማኅበር ማለትም ይኸው አሮጌ ልማድ በመተዳደሪያ ደንብና በሒሳብ መዝገብ ሲደራጅ ማለት ነው። ሕጉም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 እየተሻሻለ መጥቷል። የቀረው በሚቀጥለው አርፋሳ ዝናቡ በየትኛው ቀን እንደገባ የሚጽፍ እጅ ነው።